በፈረንጅ ክረምት ስዊድን ዘመድ ጥየቃ፦ ከቪዛው እስከ ሰሜኑ ብርሃን

እህቴ «በክረምት ና» ስትለኝ እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ዣንጥላ መግዛት ነበር። አልፈርድባትም። እኛ ዘንድ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ የተጠበሰው በቆሎ። ስዊድን ያሉት ግን ክረምት የሚሉት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ነው። ዣንጥላው ስቶክሆልም ድረስ ሄዶ አንድ ቀን ሳይዘረጋ ተመለሰ።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ በታኅሣሥ፣ አንዴ በየካቲት መጨረሻ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ግማሹ ሶፋ ላይ አለቀ። ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ ያስጠነቅቃል። ብርዱ በልብስ ይሸነፋል። እኔ ያላሰብኩት ጨለማውን ነበር። ዘመዶቼ ሥራ ውለው እኔ ቤት ብቻዬን ተጎልቼ የምውልበትን ቀንማ ጭራሽ አላሰብኩትም። ከታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ለነዚህ ለሁለቱ መላ ነው።

1. ከሁሉ በፊት ወሩን ምረጡ

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ባለው ጊዜ ሂዱ። በታኅሣሥ አጋማሽ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ። በቃ፣ ስድስት ሰዓት። ምሳ በልታችሁ ቀና ስትሉ መሽቷል። ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ ኪሩና ከወጣችሁ ደግሞ በዚያው ወር ለሦስት ሳምንት ያህል ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። ድቅድቅ ጨለማ ነው ማለቴ አይደለም። እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ጎህ ሲቀድ የሚታየው ዓይነት ሰማያዊ ብርሃን ይኖራል፣ ከዚያ ይጠፋል።

በየካቲት መጨረሻ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀኑ ወደ 11 ሰዓት ይጠጋል፣ በረዶው ገና አለ፣ ሰማዩ ላይ የሚታየው የሰሜን ብርሃንም አላለቀም። ሁሉንም ታገኛላችሁ።

ታኅሣሥም የራሱ ውበት እንዳለው ሳልናገር አላልፍም። በየመስኮቱ የሻማ ቅርጽ ያለው መብራት ይደረደራል። ዲሴምበር 13 ቀን የሉሲያ በዓል ነው። ነጭ የለበሱ ልጆች፣ ከፊት ያለችው ሻማ እንደ ዘውድ አናቷ ላይ ደፍታ፣ በጠዋት እየዘመሩ ይገባሉ። እነሱ ገናን ዲሴምበር 24 ማታ ያከብራሉ፣ እኛ ጃንዋሪ 7፤ ስለዚህ ሁለት ገና ታገኛላችሁ። የሚጾም ሰው ግን የነሱ ገና በነቢያት ጾም መሀል እንደሚውል ይወቅ። ደግነቱ ስዊድን የአጃ ወተት አገር ናት። የትም ካፌ ግቡ፣ ማኪያቶ በአጃ ወተት አለ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዊድኖች ቀጠሮ የሚይዙት በሳምንት ቁጥር ነው። «ሳምንት 9» ሲሏችሁ የዓመቱ ዘጠነኛ ሳምንት ማለታቸው ነው። እሱ ደግሞ የስቶክሆልም ተማሪዎች የክረምት ዕረፍት የሚወጡበት ሳምንት ስለሆነ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ጢም ይላል።

2. ቪዛውን ከአራት ወር በፊት ጀምሩት

ከኢትዮጵያ ለምትነሱ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የምትጠይቁት የሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች) የአጭር ጊዜ ቪዛ ሲሆን በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል። «ገና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጠበቅ ያለ ውሳኔ አሳልፏል። ለሌላው 15 ቀን የሆነው የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆነ። በደጋግሞ መግቢያ ቪዛ ፋንታ የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ፣ «ይሄኛውን ወረቀት ይለፉን» ማለትም ቀረ። የአንድ ጊዜ መግቢያ ማለት መሀል ላይ ለንደን ያለ የአክስት ልጅ ልጠይቅ ብላችሁ ከወጣችሁ ተመልሳችሁ አትገቡም ማለት ነው። ኖርዌይና ፊንላንድ ግን ሼንገን ውስጥ ስለሆኑ ችግር የለም።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ግማሹ። ተከለከላችሁም ተፈቀደላችሁም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ያስፈልጋል። ፓስፖርታችሁ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለውና ከወጣ አሥር ዓመት ያልሞላው ይሁን።

ዘመዳችሁ ከዚያ በኩል ሁለት ነገር ይልካል። አንደኛው የስደት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጀው የግብዣ ቅጽ ነው። ሁለተኛው የነዋሪነት ማስረጃ፤ ይህን የሚሰጠው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። (አዎ፣ ስዊድን ውስጥ ቀበሌውም ግብር ሰብሳቢውም አንድ ናቸው። እህቴ ስትነግረኝ የቀለደች መስሎኝ ነበር።)

ከእናንተ በኩል ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ትመለሳላችሁ ወይ? ወረቀታችሁ ሁሉ ለዚህ መልስ ይስጥ። የሥራ ደብዳቤ ደመወዝና የተፈቀደ ዕረፍት ቀን ያለበት፣ የንግድ ፈቃድ ካላችሁ እሱ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ፣ የባንክ እንቅስቃሴ። ባንክ ላይ ከማመልከቻው በፊት ባለው ሳምንት ድንገት የገባ ብር ከሚጠቅም ይልቅ ያስጠረጥራል። ያላችሁን አሳዩ።

ስለ ስም አንድ ነገር። ወንድምና እህት ከሆናችሁ የአባት ስማችሁ አንድ ስለሆነ ዝምድናው ከፓስፖርቱ ይታያል። የእናት ወንድም፣ የአክስት ልጅ ወይም እናት ከሆነች ግን ስሙ በምንም አይገናኝም፤ ፈረንጁ ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ስም አለው ብሎ ያስባል። በአንድ ገጽ ደብዳቤ «እሷ የእናቴ እህት ልጅ ናት፣ እኛ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው» ብላችሁ አስረዱ፣ የልደት ማስረጃዎቹን አያይዙ። ጓደኛዬ አያቱን ለማስጋበዝ ይህችን ደብዳቤ ጨምሮ ነገሩ ቀለለት።

«እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ አትስሙ። ሐሰተኛ ወረቀት ከተገኘባችሁ የሚበላሸው ይህ ጉዞ ብቻ አይደለም። ትኬትም ቪዛው ሳይወጣ ገንዘብ ከፍላችሁ አትቁረጡ፤ የተያዘ ቦታ ይበቃል።

ቪዛው ሲወጣ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የቆይታውን ቁጥር አንብቡ። ተለጣፊው ላይ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል አለ፣ አጠገቡ ደግሞ የተፈቀደ የቀን ብዛት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። 30 ከተባለ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን ተቆጥሮ 30 ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ድንበር ላይ ማህተም በመምታት ፋንታ አሻራና ፎቶ የሚመዘግብ ሥርዓት ስለተጀመረ «አንድ ቀን ማን ያያል» የሚባል ነገር የለም።

3. ሻንጣ፦ ቅቤውን ተዉት

ይህን የምጽፈው ከመራራ ልምድ ነው። እናቴ ሦስት ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጉምሩክ ላይ ሴትየዋ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አድናቆት ይመስለኛል። ከዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ጥፋቱ የኔ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ ዶሮ ወጥ፣ ሁሉም። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የሚገባው ብዙ ነው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እንጀራም። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። ዱቄት የሆነውን ሁሉ በደንብ አሽጉና ምንነቱን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ምልክት የሌለው ቀይ ዱቄት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ጫት ስዊድን ውስጥ ከ1989 ጀምሮ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው። ጎረቤት «ለልጄ አድርስልኝ» ብሎ የሰጣችሁን እሽግ ሳትፈቱ አትያዙ።

ለአስተናጋጁ ቤት ከሁሉ የሚወደደው ስጦታ ጋቢ ነው። ሶፋ ላይ ለመጠቅለል ከሱ የተሻለ ነገር ስዊድኖችም አልሠሩም።

4. ልብስ፦ ድርብ፣ ሱፍ፣ ሰፋ ያለ ጫማ

ከመርካቶ ወፍራም ጃኬት ገዝታችሁ አትሂዱ። ሻንጣውን ይሞላል፣ ነፋሱን ግን አያቆምም። ዘመዳችሁን በስልክ «ምን የሚያውሰኝ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጎደለውን እዚያው ሳልባጅ ቤት ግዙ። እነሱ ዘንድ ሳልባጅ ቤት መግባት አያሳፍርም። ሚሮርናና ስታድስሚሾነን የሚባሉት በየሰፈሩ አሉ፤ ንጹሕ፣ በመጠን የተደረደረ፣ ዋጋው የአዲሱ ሲሶ የማይሞላ ጃኬት ይገኛል።

አለባበሱ ሦስት ድርብ ነው። ከሥጋ የሚነካው ቀጭን የሱፍ ውስጥ ልብስ፣ ከላይም ከታችም። ጥጥ አታድርጉ። ጥጥ ላብ ይይዝና ቆም ስትሉ በረዶ ሆኖ ይለጠፍባችኋል። ሁለተኛው ሙቀት የሚይዘው ሹራብ። ሦስተኛው ነፋስና እርጥበት የማያስገባው ከላይ የሚደረበው። አውቶቡስ ውስጥ ስትገቡ ወዲያው አውልቁ፤ ውስጡ ሞቃት ስለሆነ ያልባችኋል፣ አልቦት የወጣ ሰው ደግሞ ቶሎ ይበርደዋል።

ጫማ ላይ የሰው ሁሉ ስህተት አንድ ነው። ሁለት ካልሲ ደርቦ በጠባብ ጫማ ማጨቅ። እግር የሚበርደው ደም ሳይዘዋወር ሲቀር ነው። በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማና አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ጣታችሁ እንደልቡ የሚንቀሳቀስበት። ጓንቱም አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ዓይነት ይሁን፤ ጣቶች ሲነካኩ ይሞቃሉ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። አንደኛው ጫማ ሥር የሚታሰር ጥርስ ያለው ላስቲክ ነው፤ ብሮዳር ይሉታል። በተለይ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትገዙት እሱን ይሁን። ስዊድን ውስጥ የኛን ሽማግሌዎች የሚያስፈራቸው ብርዱ አይደለም፣ ውድቀት ነው። ሁለተኛው ጃኬት ላይ የሚንጠለጠል የሚያብረቀርቅ ምልክት ነው። በ9 ሰዓት በሚጨልም አገር ሹፌር የሚያያችሁ በሱ ነው።

በበረዶ ላይ መራመድን ያስተማረችኝ የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ነች። «አጎቴ፣ እንደ ዳክዬ» አለችኝ። አጭር እርምጃ፣ ሙሉ እግር መሬት ላይ፣ ክብደት ወደ ፊት፣ እጅ ከኪስ ውጭ። በሦስተኛው ቀን እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የእህቴ ፎቅ በር ላይ በመቀመጫዬ አረፍኩ። ልጅቷ ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም፤ «ነግሬህ ነበር» ብቻ።

5. ቤት ውስጥ

ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ይሄ አያከራክርም። ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት ባለው የጋራ ክፍል በተራ ነው። ሰዓቷ የተጻፈች ናት፤ አምስት ደቂቃ ካሳለፋችሁ ጎረቤት ወረቀት ይለጥፋል።

ስለ ቡና ልንገራችሁ። በመጀመሪያው እሑድ ረከቦቱን ዘርግተን ቡናው ሲቆላ፣ እህቴ «እጣኑን ቆይ» ሳትል፣ ጣራው ላይ ያለው የጭስ መቆጣጠሪያ ጮኸ። የሚጮኸው እንደ እብድ ነው። ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በጋቢ ሳራግብ። ከዚያ ወዲህ ቡናው የሚቆላው ምድጃው ላይ፣ ጭስ መሳቢያው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ፣ የማድ ቤቱ በር ተዘግቶ ነው። መቆጣጠሪያውን በፌስታል መሸፈን የሚያስቡ አሉ። አታድርጉት፣ ለእሳት ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዘመዶቻችሁ ሥራ ላይ ናቸው። እህቴ በሳምንት ሦስት ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። ባሏ የማታ ፈረቃ ነው። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ሥራ ይፈታል፤ እዚያ መፍታት አይቻልም፣ እነሱም ይህን መናገር ይከብዳቸዋል። መጀመሪያ ስሄድ «ለምን አያወጡኝም» ብዬ በሆዴ አኮረፍኩ። እህቴ ደግሞ ወንድሜ ሶፋ ላይ ዋለ ብላ ሥራ ቦታ ስታለቅስ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

መላው ይኸው። በደረሳችሁ በሁለተኛው ቀን አብራችሁ ቁጭ በሉና ሁለት ዝርዝር አውጡ፤ አብረን የምናደርገው፣ ብቻዬን የማደርገው። በሦስተኛው ቀን ብቻችሁን ውጡ። ከቤት የምትወጡት ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ ከምሳ በኋላ አይደለም። «ትንሽ ይሙቅ» ብላችሁ ብትጠብቁ አይሞቅም፣ ይመሻል። ማታ ስትገቡ ወጥ ሠርታችሁ ከጠበቃችኋቸው እንግዳ ሳትሆኑ በረከት ናችሁ።

6. ስቶክሆልምን ብቻችሁን

ገንዘቡ ክሮና ነው እንጂ ዩሮ አይደለም። ብዙ ሱቅና ካፌ፣ አውቶቡስም፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ዶላር በኪሳችሁ ይዛችሁ ቡና መግዛት ሊያቅታችሁ ይችላል። ቪዛና ትኬታችሁን ይዛችሁ ባንክ ስትሄዱ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ጠይቁ። ስዊድኖቹ በስልክ የሚላላኩበት ስዊሽ የአገሩ ባንክ ደብተር ስለሚፈልግ ለእንግዳ አይሆንም።

ለባቡር፣ ለሜትሮና ለአውቶቡስ ካርዳችሁን በሩ ላይ መንካት ነው። አንድ ትኬት 75 ደቂቃ ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለጋችሁትን ቀያይሩ። ሰዓቱ ሁሉ በ24 ይጻፋል። እኔ 14:20 የሚለውን አንብቤ በእኛ ሰዓት ስተረጉም ተምታቶብኝ አንድ ባቡር አምልጦኛል። ስልካችሁን በነሱ ሰዓት አድርጉ፣ ክረምቱን ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናቸው።

የት ልሂድ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቫሳ ሙዚየም። ቫሳ የንጉሡ ታላቅ የጦር መርከብ ነበረች፤ በ1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራዋን ዘርግታ ከወደቡ ወጣች፣ 1,300 ሜትር ያህል ሄዳ ሰጠመች። 333 ዓመት ከባሕር ሥር ቆይታ በ1961 ወጣች፤ አሁን ሙሉዋን ቆማ ታያላችሁ። እሷን ያየ ሰው ስለ መንግሥት ፕሮጀክት የሚስቀው ሳቅ ይቀየራል። አጠገቧ ስካንሰን አለ፣ ከ1891 ጀምሮ ያለ፣ ውጭ ሜዳ ላይ የተሠራ ሙዚየም። የድሮ የገበሬ ቤቶች፣ አጋዘን፣ ድብ። ከስሉሰን ወደዚያ የምትሻገረው ጀልባ፣ ቁጥር 82፣ በዚያው የከተማ ትኬት ትሄዳለች። በብርዱ ቀን በጀልባ ላይ ከተማውን ማየት ውድ የቱሪስት ጉብኝት ያስንቃል።

በጣም የበረደ ቀን ሜትሮው ራሱ ሙዚየም ነው። ቴ-ሴንትራለን የሚባለው ጣቢያ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቷል፣ ሶልና ሴንትሩም ቀይ ዋሻ ነው፣ ኩንግስትሬድጎርደን ደግሞ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። በአንድ ትኬት ከአንድ ሰዓት በላይ ሞቃት ሆናችሁ ታሳልፋላችሁ።

7. ወደ ሰሜን፦ ሌሊቱን በባቡር

እዚህ ላይ አትሰስቱ። እዚያ ድረስ ሄዶ ስቶክሆልም ብቻ አይቶ መመለስ ላሊበላ ሳይደርሱ ከደሴ እንደመመለስ ነው።

ከስቶክሆልም ማዕከላዊ ጣቢያ ማታ የሚነሳ የመኝታ ባቡር አለ። ሌሊቱን ሙሉ በጫካ መሀል ሄዶ በማግስቱ ኪሩና፣ ከዚያ አቢስኮ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ናርቪክ፣ ኖርዌይ ይደርሳል። ኪሩና ለመድረስ 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቁጠሩ። በረዶ ሲበዛ ይዘገያል። ስለዚህ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ውኃ ያዙ፤ የመመለሻ በረራችሁንም በዚያው ቀን አታድርጉት። ለመቀመጫ፣ ስድስት ሰው በሚያስተኛ ክፍል ለአልጋ፣ ለብቻ ክፍልም ትኬት አለ። አልጋው ይበቃል። ከሁለት ወር በፊት ከቆረጣችሁ ዋጋው ይቀላል።

ኪሩና የብረት ማዕድን ከተማ ናት። ማዕድኑ ከሥሯ እየተቆፈረ መሬቱ እየሰመጠ ስለሆነ ከተማዋን ወደ ምሥራቅ እያዛወሯት ነው። በኦገስት 2025 በ1912 የተሠራውን፣ 672 ቶን የሚመዝነውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ በጎማ ላይ ጭነው አምስት ኪሎ ሜትር ወሰዱት፤ ሁለት ቀን ፈጀ። እኛ ታቦት ወጥቶ ሲሄድ ለምደናል። ሕንፃው ራሱ ሲሄድ ግን ሌላ ነው። አዲሱ ቦታው ላይ ቆሞ ልታዩት ትችላላችሁ።

ከኪሩና 17 ኪሎ ሜትር ርቆ ዩካስያርቪ መንደር የበረዶ ሆቴሉ አለ። ከቶርነ ወንዝ በተቆረጠ በረዶ በየዓመቱ እንደገና የሚሠራ ነው። ውስጡ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማደሩ ውድ ስለሆነ የቀን መግቢያ ይበቃችኋል።

ለሰሜኑ ብርሃን ግን የምትሄዱት አቢስኮ ነው። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ደመናውን ስለሚያስቀሩ ሌላው ቦታ ተደፍኖ ሳለ የቶርነትሬስክ ሐይቅ ላይ ሰማዩ ተከፍቶ ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው።

ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ፤ በአንድ ሌሊት እድል ማግኘት ሎተሪ ነው። ከእራት በኋላ ከመብራት ራቁ፣ ስልካችሁን ዝጉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። መጀመሪያ የሚታየው አረንጓዴ አይደለም። ግራጫ፣ የእጣን ጭስ የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። ብዙ ሰው ደመና መስሎት ይገባል። ያ ጭስ መንቀሳቀስ ከጀመረ ቁሙ። በሁለተኛው ሌሊት እኔ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ከዜሮ በታች 24 ነበር፤ ስተነፍስ የአፍንጫዬ ፀጉር ይጣበቃል፣ በረዶው ከእግሬ ሥር ቆሎ እንደሚቆረጠም ይላል። ጭሱ ድንገት አረንጓዴ ሆነ፣ እንደ ነጠላ ጥለት ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ፣ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ገባበት። ለእናቴ ቪዲዮ ደወልኩ። ያየችው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው፣ ግን እልል አለች።

ለፎቶ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉና በሌሊት ማንሻው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ አድርጉ። ብርድ ባትሪ ይገድላል፤ ስልክ ውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ጋር ይቀመጥ። ካሜራ ከያዛችሁ ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ቦርሳ ውስጥ ዝጉት፣ አለዚያ ላብ ያወርዳል።

የውሻ ጋሪ፣ የአጋዘን ጋሪ፣ የበረዶ ሞተር፣ ሁሉም ዋጋው ናላ ያዞራል። አንዱን ምረጡ። እኔ የሳሚዎቹን የአጋዘን ጉብኝት መረጥኩ። ሳሚዎች የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ናቸው፣ አጋዘን ያረባሉ። «ስንት አጋዘን አለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የባንክ ደብተርህን አሳየኝ እንደማለት ነው። የኛ አርብቶ አደር ከብቱ ሲቆጠርበት እንደማይወድ ያወቀ ሰው ይሄ አይከብደውም። ጊዜያችሁ ከፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሐሙስ ጋር ከገጠመ ደግሞ ዮክሞክ ላይ ከ1605 ጀምሮ የሚቆም የሳሚዎች የክረምት ገበያ አለ።

8. እንዳትጎዱ

ሐይቅ ቀዝቅዞ ሰው ሲሄድበት ብታዩም ብቻችሁን አትግቡ። ጠንካራ በረዶ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ይህን የሚያውቅ የአገሩ ሰው ካልቀደማችሁ ዳር ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከተማ ውስጥ የእግረኛ መንገድ በገመድ ተዘግቶ ካያችሁ ቀና በሉ። ከጣራ ላይ በረዶ እየወረደ ነውና ተሻገሩ።

አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳ ይሰነጠቃል። ቫዝሊን በጠዋት ሳይሆን ማታ ተቀቡ፣ ከንፈርና እጅ ላይ አብዙት። የደም ግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት በእጅ ሻንጣ፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር ይሁን። ድንገተኛ ከሆነ 112፣ ምክር ለመጠየቅ 1177 ይደወላል። ሦስትና አራት ቀን ደብቷችሁ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላችሁ አትደንግጡ፣ ጨለማው ነው። እኩለ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት ውጡ፣ ደመና ቢሆንም።

9. ስትመለሱ

የክረምት ልብሱን ወደ አዲስ አበባ አትጫኑ። ምን ያደርግላችኋል? ሻንጣችሁን ለልጆች ጫማና ለእናንተ ዕቃ ተዉለት። እኔ ጃኬቱን፣ ጫማውንና ብሮዳሩን በአንድ ካርቶን አድርጌ እህቴ ቤት ምድር ቤት ትቼ መጣሁ። ካርቶኑ ላይ የእህቴ ልጅ በተንጋደደ ፊደል «የእማማ» ብላ ጽፋበታለች። በሚቀጥለው የካቲት ተራው የእናቴ ነው። ዣንጥላውን ይዛ እንዳትሄድ ከወዲሁ ደብቄዋለሁ፣ የቅቤውን ጉዳይ ግን ገና አልነገርኳትም።